ሳታነበው የፈረምከው ወረቀት

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት አጣና ተራን አልፌ ወደ ሼድህ ስመጣ ልቤ ሞልቶ ነበር። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ስምንት ሠራተኛ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ እዚህ መድረስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ትልቅ ድርጅት ቦርሳና ቀበቶ እንድታቀርብለት መርጦሃል። እግዚአብሔር ይጨምርልህ። ነገር ግን ሻይ እየጠጣን ሳለ ከድርጅቱ የመጣው ልጅ አሥራ አራት ገጽ ወረቀት ሲያቀብልህ፣ አንተም የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጠህ ፈርመህ ስትመልስለት አየሁ። ብዕሩን እንኳ የተዋስከው ከእሱ ነው። ምን እንደሚል ስጠይቅህ «ያው የተለመደ ነው፣ የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ምናምን» አልከኝ።

በሰው ፊት ላሳፍርህ አልፈለግሁም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ኮልፌ ከቆዳና ከማስቲሽ ጋር አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። እኔም እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ አውቃለሁ፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልህ። ማታ ሥራ ስትጨርስ፣ ስልክህን አስቀምጠህ አንብበው።

፩. የምትፈርመውን አንብብ፤ ካልገባህ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ።

በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው አትበለኝ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ በየግቢው አለ፤ ምሳ ጋብዘህ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያነብልህ ይበቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ ወረቀቱን ልጁ ይዞት ከመሄዱ በፊት አገላብጬዋለሁ። ገዢው ሳያስታውቅ በማናቸውም ቀን መጥቶ እንዲያይ ፈቅደሃል። አንተ ብቻ ሳትሆን ቆዳ የሚሸጥልህም፣ ዚፕ የሚያመጣልህም፣ ሥራ ወስዶ ቤቱ የሚሰፋልህም ያንኑ ደንብ እንዲጠብቁ ታደርጋለህ ይላል። ይህን ቃል ሰጥተሃል። ቃል የሰጠኸው ደግሞ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ነው።

እንዲህ ያለ ደንብ ቀድሞም ነበረ፤ የጠበቀው ግን ከአንድ መዓት ወዲህ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ከዳካ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንጻ ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ። ሕንጻው ከዋዜማው ጀምሮ ተሰንጥቆ ነበር። ከታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ፤ ከላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግሥቱ ግቡ ተብለው ገቡ። ከፍርስራሹ ውስጥ ፈረንጅ አገር በየሱቁ የሚሸጡ ልብሶች ምልክት ተለቀመ። ከዚያ ወዲህ ገዢው «የለበስኩትን ማን ሰፋው? በምን ሁኔታ?» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ ያዘ። ያ ጥያቄ ነው ዞሮ ዞሮ ያንተ ሼድ ድረስ የመጣው። ወረቀቱን ስታነብ የእነዚያን ሰዎች ስም ዝርዝር እንደምታነብ አድርገህ አንብበው።

፪. ሕፃን አታሠራ፤ የሙያ ማስለመድ ነው ብለህም ራስህን አታታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ እሱም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓልም አይሠራም። ሕጉ ይኸው ነው። ከሕጉ ይልቅ ግን የራሴን ልንገርህ።

ከገጠር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩኝ። ትንሹ አሥራ ሁለት ቢሆነው ነው። ክር ይቆርጣል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይላላካል። አባታቸው «ሙያ ይልመዱልኝ» ብሎ በአደራ የሰጠኝ ልጆች ናቸው፤ እኔም እያሳደግኋቸው ነው ብዬ አስብ ነበር። የገዢዬ ተቆጣጣሪ የምትመጣ ቀን፣ መኪናዋ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሁለቱንም አጣድፌ በጓሮ በኩል ወዳለች ሻይ ቤት ላክኋቸው። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት። ፔሮሉን አየች፣ እሳት ማጥፊያውን አየች፣ አመሰገነችኝ። ልትወጣ ስትል ብዕሯ ወደቀና ልታነሣው ጎንበስ አለች። ከመስፊያው ጠረጴዛ ሥር አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ነበረ። ትንሹ ሲሠራ አውልቆ የሚያስቀምጠው ነው፤ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በእኔው የመስፊያ ክር ተቋጥሯል፤ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጥም። አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም።

ከወር በኋላ ትእዛዙ ተቋረጠ። እሱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ሌላ ነው። ልጁ ስናጣድፈው በባዶ እግሩ ነበር የሄደው። ሻይ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ወንድሙን «ጋሼ የደበቁኝ ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ እንደጠየቀው በኋላ ሰማሁ።

ስለዚህ ስትቀጥር ዕድሜ ጠይቅ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የልደት ወረቀት የሌለው ወጣት ብዙ ነው። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ እይ፤ ቤተሰቡን በስልክ አናግር። ቤት ወስደው የሚሰፉልህን ሴቶችም አንድ ቀን ሄደህ ጎብኝ፤ መርፌውን የያዘችው እናትየዋ ትሁን የሰባት ዓመቷ ልጅ በዓይንህ እይ። ልጅ ሲሠራ ካገኘህ ደግሞ አውጥተህ መንገድ ላይ አትጣለው። የባሰ ቦታ ይገባል። ዕድሜው የደረሰ ታላቅ ካለው እሱን ቅጠርና ታናሹን ትምህርት ቤት አስገባው። እኔ ያን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው።

፫. ሁለት ፔሮል አትያዝ።

አንዱን ለገዢው፣ አንዱን ለራስህ እንዳትል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የሚመጡት ሰዎች ሂሳብ ያውቃሉ። ያስረከብከውን ቦርሳ ቆጥረው በሠራተኛህ ቁጥር ያካፍሉታል፤ የመብራት ክፍያ ደረሰኝህን ያያሉ፤ ሠራተኛዋን ለብቻዋ አስቀምጠው ስለ ልጆቿ እየጠየቁ ማታ ስንት ሰዓት ቤቷ እንደምትገባ ይሰማሉ። ስምንት ሰዓት ብቻ እንሠራለን ብለህ የጻፍከው ወረቀት በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያውም በቀን ሲሆን የመደበኛው 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ይህን በትልቁ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ ሠራተኛው መብቱን ሲያውቅ አንተ ላይ አይነሣም፣ ይልቁንም ያምንሃል። ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ትሰጣለህ። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ትቆርጣለህ፣ ከራስህ 11 በመቶ ትጨምራለህ። ሰባቱን ቆርጦ ሳያስገባ የሚያከርም አሠሪ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ብድር ወሰድኩ ይላል፤ እኔ ስርቆት ነው የምለው፤ የሰው እርጅና ነውና የሰረቀው።

ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ጠይቀኸኝ ነበር። ለግሉ ዘርፍ ወለሉ ይህ ነው የሚል ቁጥር በሕግ አልተቆረጠም። ሕጉ ዝም ቢል ግን ሆድ ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም ካዩዋቸው ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፈዋል። ውጤቱንም አብረው አሳዩ፤ ልጃገረዶቹ ትንሽ ሠርተው ይሄዳሉ፣ ፋብሪካው አዲስ ሲያሠለጥን ይኖራል፣ ሥራው አይጠራም። እኔ በትንሿ ቤቴ ያየሁት ይኸንኑ ነው። ጥሩ ሰፊ በሁለት መቶ ብር ጭማሪ ተቀድሞ ጎረቤት ሲገባ፣ እኔ ስድስት ወር ያስተማርኩት እጅ ነው የሄደው። የሠራተኛህን የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ጠይቀህ እወቅ፤ ከቤቴል ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣና እዚሁ ጎን የምታድር አንድ አይደሉም።

፬. አየሩንና በሩን ክፈት።

ሼድህ እንደገባሁ ራሴን አመመኝ። አንተ ለምደኸው አይሸትህም። ያ ማስቲሽ የጎዳና ልጆች በላስቲክ ይዘው የሚያሸቱት ራሱ ነው፤ ያንተ ቀቢ ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይዛው ትውላለች። እጅ እየደነዘዘ፣ ነገር እየተረሳ፣ ማታ ማታ ራስ እየተፈለጠ የሚሄድ ጉዳት ነው፤ በአንድ ቀን ስለማይታይ አሠሪ ይንቀዋል። የቅብ ሥራውን ከስፌቱ ለይተህ መስኮቱ ሥር አድርገው። አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ግጠም። ቆርቆሮው ሲቀቡበት ብቻ ይከፈት፣ ከዚያ ይከደን። የጨርቅ ማስክ አቧራ ቢይዝ ነው፣ ትነት አይይዝም፤ የሚይዘውን ዓይነት ግዛላት።

ይህ ትነት እሳትም ይስባል። አሁን የምነግርህን አስተውል። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እኛ አበባ አየሽ ወይ እየሰማን ዘመን ስንለውጥ፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። መውጫዎች ተቆልፈው ነበር፣ መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ነበሩ። ይህ ፋብሪካ ገና ጥቂት ሳምንት በፊት ነበር ለሠራተኛ አያያዙ ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት የተሰጠው። ወረቀቱ ነበረ። በሩ ግን ተቆልፎ ነበር።

ያንተን የኋላ በር አይቼዋለሁ። በሰንሰለት ተጠምጥሞ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው። «ሌባ ፈርቼ ነው፣ ሠራተኛም ቆዳ ያወጣብኛል» አልከኝ። ለሌባው ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚሳብ መወርወሪያ ይበቃል። ለሠራተኛው ደግሞ ስትገባና ስትወጣ ቆዳህን ቆጥረህ መዝግብ። ከጥቅል ቆዳና ከሰው ነፍስ የትኛውን እንደምትቆልፍ አንተው ታውቃለህ።

፭. ቆዳው ከየት እንደመጣ እወቅ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ደላላው በርካሽ አምጥቶ ሲጥልልህ «ከየት ነው?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔም ሃያ ዓመት አልጠየቅሁም። ቆዳ በክሮም ሲለፋ ሰማያዊ ይሆናል፤ የተለፋበት ውኃ ደግሞ ሳይጣራ ከተለቀቀ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። በከተማችን በምዕራብ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ በመንገዱ የፋብሪካውንም፣ የጋራዡንም፣ የመጸዳጃውንም እየተቀበለ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። በዳርቻው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማበታል፤ ያን እኛው ገዝተን እንበላዋለን። የሞጆ ወንዝና የቆቃ ሐይቅ ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንግዲህ ርካሹ ቆዳ ርካሽ የሆነው ማጣሪያውን ስላልከፈለ ከሆነ፣ ቀሪውን ዋጋ የምትከፍለው በሰላጣህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ራሱ ቆዳው ውስጥ አለ። በደንብ ያልተለፋ ወይም ሙቀት በበዛበት የተቀመጠ ቆዳ ውስጥ ያለው ክሮም ወደ መርዛማው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ክሮም ስድስት ይሉታል፣ ገላ ያሳክካል፣ ያቆስላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2015 ጀምሮ ገላ የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮም ስድስት ከተገኘበት እንዳይሸጥ ከልክሏል። አንድ ኮንቴይነር ቀበቶ በዚህ ምክንያት ወደብ ላይ ቢያዝ ዕዳው ወደ ማን እንደሚወርድ ያን የፈረምከውን ወረቀት ገልጠህ እይ።

ስለዚህ ከቆዳ ፋብሪካው ጋር በቀጥታ ተገናኝ። በዓመት አንዴ ሄደህ የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳውን አሳዩኝ በል፤ ሞተሩ እየዞረ ነው ወይስ ሸረሪት አድርቶበታል? የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቅ። ከየትኛው ጥቅል የትኛው ቦርሳ እንደወጣ በደብተር ያዝ። ይህን መመዝገብ የጀመርኩት ጎረቤቶቼ «ምን ያደርግልሃል» እያሉኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀለም የለቀቀ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ግን አሥራ ሁለት ቦርሳ ብቻ ለይቼ አውጥቼ አራት መቶውን አዳንኩበት።

ቡና ነጋዴ የሆነው የአክስትህ ልጅም ዛሬ የሚያማርረው ይኸንኑ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት እንዳልመጣ ማሳው በካርታ ላይ ተነጥቦ እንዲታይ ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። ቢራዘምም ግን ጥያቄው ራሱ ተመልሶ አይሄድም፤ ከየት መጣ የማይባል ዕቃ ዘመኑ እያለቀ ነው።

፮. ቁርጥራጭህ የት እንደሚያድር እወቅ።

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ያ መላው ከተማ ለአምሳ ዓመት የጣለው ሁሉ የተከመረው እኛው ዘንድ፣ ረጲ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። እኔ በማግሥቱ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አባት ይዘውት የተቀመጡት አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ የልጃቸው የቤት ሥራ ደብተር፣ በጭቃ የተለወሰ። ከጎኔ የነበሩ ሰዎች ስለ መንግሥት ይነጋገሩ ነበር። እኔ ግን በዚያ ክምር ውስጥ የኔ ስንት ጆንያ አለ እያልኩ አስብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው ተመረቀ፤ እሱ መልካም ነው። ጆንያዬን ግን ከኔ አይወስድልኝም።

የቆዳ ቁርጥራጭ አታቃጥል። በክሮም የተለፋ ቆዳ ሲቃጠል ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፤ ጎረቤትህ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ሦስት ጆንያ አስቀምጥ። ሰፋ ያለው ቁራጭ ለቁልፍ መያዣና ለሳንቲም ቦርሳ ይሆናል፣ የሚገዛህ አታጣም። ጭረቱን ለብቻ። የማስቲሽ ቆርቆሮ ደግሞ ለቆራሌው ከመሸጥህ በፊት በምስማር ቀዳደው፤ አንድ ጊዜ አንዲት እናት በእንዲህ ያለ ቆርቆሮ ውኃ ስትቀዳ አይቼ ደንግጫለሁ።

የሰው የጣለውን አንሥቶ ክብር ያደረገ ደግሞ ሩቅ ሳትሄድ እዚሁ ሰፈር አለልህ። ቤተልሔም ጥላሁን ያደገችው ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አካባቢ ነው። በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ስለሚኖሩበት ሰዉ በሩቁ የሚያየው ሰፈር ነበር። እሷ ግን ያየችው ፈትል የሚፈትል፣ የሚሸምን፣ ሥራ ያጣ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶልሬብልስን በጥቂት ሠራተኞች ጀመረችው። የጫማው ሶል አሮጌ የመኪና ጎማ ነው፣ አያቶቻችን በረባሶ ብለው ያደረጉት፣ አርበኞች በጣሊያን ጊዜ ተራራ የወጡበት። ላዩ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ። ይህ ጫማ በፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ ታውቆ ዓለም ላይ ተሸጧል። ልብ በል፤ እሷ ዘንድ ደንቡ ከገዢ የመጣ ተጨማሪ ሸክም አልነበረም። ገዢው የፈለገው ጫማውን ከነአሠራሩ ነው። አንተም ቦርሳህን ስታስረክብ ከማን እጅ እንደወጣ አፍህን ሞልተህ የምትናገርበት ቀን ይምጣልህ።

፯. ፖስታ አትስጥ፣ ፖስታ አትቀበል።

ለተቆጣጣሪው «የነዳጅ» ብለህ፣ ለገዢው ድርጅት ዕቃ ግዥ ሠራተኛ «የቡና» ብለህ አንዴ ከሰጠህ የሥራህ ጌታ እሱ ሆነ። ዋጋህን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ነገ የተሻለ ፖስታ ይዞ ለመጣ የሚሸጥህም እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ከደረሰ ሠራተኛው የሚበላውን አቅርብለት። ከዚያ የዘለለውን ተው።

፰. ያልቻልከውን አልቻልኩም በል፤ ዋጋህንም ጠይቅ።

አብዛኛው አቅራቢ የሚወድቀው ጉድለት ስላለበት አይደለም፣ ጉድለቱን ስለሚደብቅ ነው። ደህና ገዢ ጉድለት ሲያገኝ የማሻሻያ ዕቅድ ይጠይቅሃል። ማራገቢያው በሁለት ወር፣ የጡረታው ምዝገባ በአንድ ወር ብለህ ጻፍና በቀኑ ፈጽም። ያኔ ትንሹን ልጅ በጓሮ ከመደበቅ ይልቅ ተቆጣጣሪዋን «አንድ ልጅ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤአለሁ።

ነገር ግን ራስህን ደፍተህ ብቻ አትቁም። ደንቡ ለሁለቱም ነው። ማራገቢያ ገንዘብ ነው፣ ንጹሕ ቆዳ ገንዘብ ነው፣ ትክክለኛ ደመወዝ ገንዘብ ነው። ሁሉን አሟላ ብሎ ዋጋ የሚቀንስብህን፣ በዘጠና ቀን የሚከፍልህን፣ ናሙናውን በመጨረሻው ሳምንት ለውጦ ሌሊት እንድታሠራ የሚያስገድድህን ገዢ «ይህን ስታደርጉ የራሳችሁን ወረቀት እኔ እንድጥሰው ታደርጉኛላችሁ» በለው። በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ። ብቻህን ከሆንክ ላይሰማህ ይችላል፤ በሼዱ ውስጥ ካሉት ቆዳ ሠሪዎች ጋር ተመካከሩና አንድ የወጪ ስሌት ይዛችሁ ሂዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በአንድ ገዢ ብቻም አትንጠልጠል። ሐዋሳን አስታውስ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ አገራችን ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ታገደች። ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩ ልጆች፣ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ምንም ሳያጠፉ እንጀራቸው ተቋረጠ። ስለዚህ ደንቡን ለገዢው ብለህ ብቻ የምትጠብቅ ከሆነ ገዢው ሲሄድ ደንቡም አብሮ ይሄዳል። የቀቢዋ ሳንባ ግን እዚሁ ኮልፌ ይቀራል፣ ወንዙም ይቀራል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። የወረቀቱን ቅጂ ከድርጅቱ ተቀብለህ ጠብቀኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፣ ይዣት እመጣለሁ፣ ታነብልናለች፣ ሠራተኞችህም ቁጭ ብለው ይስሙ። እስከ ሐሙስ የማይቆይ አንድ ነገር ብቻ አለ። ዛሬ ማታ ከመሄድህ በፊት ያን የኋላውን በር ሰንሰለት ፍታው።